የአዮኖስፌር ካርታዬና የማይነስ ጣጣ

ትናንት ሌሊት 10 ሰዓት ላይ ከአናታችን በላይ ያለውን የኤሌክትሮን ብዛት የሚያሳዩ የስድስት ጂፒኤስ ሳተላይት መስመሮች ላፕቶፔ ላይ ገጠሙ። ሁሉም ከዜሮ በላይ፣ ሁሉም ከ5 እስከ 7 ቴክ ዩኒት (የኤሌክትሮን ብዛት መለኪያ ነው) ባለው ውስጥ። ለዚህች አንዲት ምስል አራት ወር ለፍቻለሁ። ደስታውን ብቻዬን ይዤው መተኛት ስላልቻልኩ ነው የምጽፍላችሁ።

ለአዲሶች ባጭሩ። ሥራዬ ቅየሳ ነው። መጋቢትና መስከረም አካባቢ አምሽተን ስንሠራ፣ ጀንበር ከጠለቀች በኋላ የጂፒኤስ ሪሲቨሩ ፊክስ (ትክክለኛ የቦታ ልኬቱን) እየለቀቀ ያስቸግረን ነበር። ባትሪ ቀየርን፣ ኬብል ቀየርን፣ አንቴና ቀየርን። ምክንያቱ ግን ከእኛ ብዙ መቶ ኪሎ ሜትር በላይ ነበር።

ፀሐይ ከላይኛው አየር ኤሌክትሮን ትነጥላለች፤ ይህ የአየር ክፍል አዮኖስፌር ይባላል። የጂፒኤስ ሲግናል በዚያ ሲያልፍ ይዘገያል፤ ዝቅ ያለ ፍሪኩዌንሲ ደግሞ ይበልጥ ይዘገያል። ኤል 1 የሚባለው ሲግናል በ1575.42 ሜጋኸርዝ፣ ኤል 2 የሚባለው በ1227.60 ሜጋኸርዝ ነው የሚመጡት። የሁለቱን የመድረሻ ልዩነት ስትለኩ፣ በመንገዱ ላይ ያሉትን ኤሌክትሮኖች ቆጠራችሁ ማለት ነው። አንድ ቴክ ዩኒት ማለት አንድ ካሬ ሜትር ስፋት ባለው አምድ ውስጥ 10 ሺህ ትሪሊዮን ኤሌክትሮን ነው። ይህ ብቻውን ኤል 1 ላይ 16 ሴንቲ ሜትር ያህል ያዛባል። 50 ሲሆን 8 ሜትር ደረሰ።

እኛ ያለንበት ቦታ ደግሞ የተለየ ነው። መግነጢሳዊው የምድር ወገብ የሚያልፈው በአገራችን ላይ ነው። በ1950ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) አዲስ አበባ ላይ የጂኦፊዚክስ ኦብዘርቫቶሪ ሲቋቋም፣ ከዚህ መስመር አጠገብ መሆኑ ዋጋ ነበረው። ቀን ቀን ኤሌክትሮኖቹ እኛ አናት ላይ ወደ ላይ ይነሣሉ። ከዚያ እንደ ፏፏቴ በመግነጢስ መስመሮቹ ላይ ተንሸራትተው ወደ ሰሜንና ወደ ደቡብ ይወርዳሉ። ስለዚህ ከሰዓት በኋላ ሁለት ጉብታ ይታያል፤ አንዱ ከኛ በስተሰሜን፣ አንዱ በስተደቡብ። እኛ መሃል ሸለቆው ውስጥ ነን። ይህን ከቤቴ ጣሪያ ላይ ማየት መቻሌ አሁንም ይደንቀኛል።

የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት አልፋቸዋለሁ። ባለ ሁለት ፍሪኩዌንሲ ርካሽ ሪሲቨር ገዛሁ፣ አንቴናውን ቆርቆሮው ላይ ሰቀልኩ፣ ራይኔክስ ፋይል (የሪሲቨሩ ልኬት የሚቀመጥበት) በፓይተን ፕሮግራም ማንበብ ተማርኩ። እናቴ «ደግሞ ይኼ ምን ያመጣል?» ስትለኝ፣ «ፀሐይ ሰማይ ላይ የሠራችውን ይቆጥራል» አልኳት። «እንግዲያስ ደህና አድርገህ እሰረው፣ ነፋስ እንዳይወስደው» አለች። አጥብቄ አሰርኩት።

ከዚያ ጣጣው መጣ። ቀን ቀን ቁጥሩ ያምራል፤ ይወጣል፣ ይወርዳል። ሌሊት ላይ ግን ማይነስ 37 ይለኛል። ኤሌክትሮን ከዜሮ በታች አይቆጠርም! ወይ አለ፣ ወይ የለም።

ነገሩ የሳህኑን ክብደት ሳይቀንሱ በርበሬ እንደ መመዘን ነው። የሪሲቨሩ ውስጣዊ ሰርኪዩት ራሱ ኤል 1ንና ኤል 2ን እኩል አያሳልፍም። ሳተላይቶቹም እንደዚያው። ይህ ልዩነት ባያስ ይባላል፤ የሚለካውም በናኖሴኮንድ ነው። አንድ ናኖሴኮንድ ብትሳሳቱ 2.85 ቴክ ዩኒት ተሳሳታችሁ። የኔ ሪሲቨር 15 ናኖሴኮንድ ያህል ነበረው፤ ያ ማለት 43 ቴክ ዩኒት ነው። ሌሊት እውነተኛው 6 ሲሆን ማይነስ 37 የሚያሳየኝ ለዚህ ነበር።

መጀመሪያ የሳተላይቶቹን ባያስ አወረድኩ። ስዊዘርላንድ በርን ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው ማዕከል በየጊዜው ያወጣዋል፣ ነፃ ነው። ቀነስኩት፤ ምንም አልተስተካከለም። እንዲያውም ሳተላይቶቹ እርስ በርስ ይበልጥ ተራራቁ። አንድ ወር ሙሉ ምልክቱ ፕላስ ይሁን ማይነስ እያልኩ ስገለባብጥ ከረምኩ። ስህተቱ ሌላ ነበር። ሳተላይት በአንድ ፍሪኩዌንሲ ላይ ከአንድ በላይ ኮድ ይልካል። እኔ ያወረድኩት የፒ ኮድ (ለወታደራዊ አገልግሎት የተሠራው) ባያስ ነው፤ የኔ ርካሽ ሪሲቨር ግን ፒ ኮድ አያነብም፣ የሲቪሉን ኮድ ነው የሚያነበው። የቡናን ሳህን ክብደት ከበርበሬው ሳህን ላይ እየቀነስኩ ነበር። ስለዚህ ፋይላችሁን ከፍታችሁ የእያንዳንዱን ልኬት ባለ ሦስት ምልክት መለያ በዓይናችሁ እዩ። ሰው ነገረኝ ብላችሁ አትለፉት።

ቀጥሎ የሪሲቨሩ። ይህንን ማንም አያወጣላችሁም፣ ራሳችሁ ማግኘት አለባችሁ። ያገዘኝ የመስመሮቹ ቅርጽ ነው። ሳተላይቱ ከአድማስ ተነሥቶ በአናት በኩል ሲያልፍ፣ በዘመመው የሲግናል መንገድ የተቆጠረውን ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ወዳለው ቁጥር ስንቀይር ስህተቱ እኩል አይቀነስም። ከአናት ላይ ሙሉው ማይነስ 43 ይቀራል፤ ከአድማስ 30 ዲግሪ ከፍታ ላይ ግን ማይነስ 25 ገደማ ይሆናል። ስለዚህ እያንዳንዱ መስመር እንደ ገበቴ መሃሉ ጎድጉዶ ይታያል። ባያሱን ከመጠን በላይ ካረማችሁት ገበቴው ይገለበጥና ጉብታ ይሆናል። ትክክለኛው ቁጥር ላይ ሁሉም ይዘረጋሉ፣ አንዱ በሌላው ላይ ይተኛሉ።

ባያሱን በ0.1 ናኖሴኮንድ እየጨመርኩ፣ ከሌሊቱ 9 እስከ 11 ሰዓት ባለው ጊዜ መስመሮቹ በጣም የሚቀራረቡበትን ፈለግሁ። ሰዓቱን የመረጥኩት ፀሐይ ከመውጣቷ በፊት ኤሌክትሮኑ በጣም ስለሚቀንስና ሰማዩ ይበልጥ ወጥ ስለሚሆን ነው። በቀን ዳታ ከሞከራችሁት ግን የሰሜኑን ጉብታ እንደ ባያስ ትቆጥሩታላችሁ። እኔ ሁለት ሳምንት አድርጌዋለሁ፣ በከንቱ።

ከ30 ዲግሪ በታች ያለውንም ለዚህ ሥራ አትጠቀሙ። አዮኖስፌሩን 350 ኪሎ ሜትር ላይ እንደ ስስ ሽፋን ብንቆጥረው፣ 10 ዲግሪ ላይ ያለ ሳተላይት ሽፋኑን የሚበሳው ከእናንተ 1200 ኪሎ ሜትር ርቆ ነው። ከአዲስ አበባ ጣሪያ ሱዳንን እየለካችሁ ነው ማለት ነው።

ዝግጁ ፕሮግራም አለ፤ ፋይል ትሰጡታላችሁ፣ ካርታ ይሰጣችኋል። ለጀማሪ አልመክረውም። ከራሴ የደረሰውን ልናገር። በመጀመሪያው ወር በዝግጁ ፕሮግራም ያወጣሁትን ካርታ ለጓደኞቼ ልኬ ነበር። ጎጃም አካባቢ ትልቅ ጉድጓድ ይታይበታል። አዲስ ነገር ያገኘሁ መስሎኝ ነበር። የአንድ ሳተላይት ሲግናል ተቆርጦ ሲቀጠል ደረጃው ተዛብቶ ነው እንጂ ጉድጓድ አልነበረም። ያንን ካርታ ያያችሁ፣ እባካችሁ አጥፉት። መስመር በመስመር አይቼው ቢሆን በአምስት ደቂቃ ይታወቅ ነበር።

ስለ ቆርቆሮ ደግሞ። ሲግናሉ ቆርቆሮ ላይ ነጥሮ ሲመጣ ጥቃቅን ሞገድ ይሠራል፤ እውነተኛ የሰማይ ሞገድ ይመስላል። መለያው ቀላል ነው። የሦስት ቀን መስመር ደርቡ። ሞገዱ በየቀኑ 4 ደቂቃ ያህል ቀድሞ ከተደገመ፣ ጣሪያችሁ ነው። ሳተላይቱ በየቀኑ በዚያው መንገድ 4 ደቂቃ ቀድሞ ነው የሚያልፈው። እኔ አንቴናውን ከፍ ባለ ብረት ላይ ካወጣሁት በኋላ ብዙ ቀንሷል።

ሰዓትን በተመለከተ፣ ስሌቱን ሁሉ በዓለም አቀፍ ሰዓት ሥሩ። ፋይሉ ላይ 01 የሚለው ለኛ ሌሊት 10 ሰዓት ነው። ወደ እኛ ሰዓት የምትቀይሩት ግራፉ ላይ ብቻ።

አሁን የቀረኝ ያው የመጀመሪያው ነገር ነው፣ ምሽቱ። ከምሽቱ 1 ሰዓት በኋላ አረፋ የሚመስል ባዶ ቦታ ከታች ወደ ላይ ይወጣል፣ ሲግናሉ ይንቀጠቀጣል፣ መስመሬ ይቆራረጣል። ቁርጥራጩን መጠገን አልተሳካልኝም። በአንድ ጣሪያም ካርታ አይሆንም። ከደሴ ወደ ሰሜን ወይም ከሐዋሳ ወደ ደቡብ ያላችሁ፣ ባለ ሁለት ፍሪኩዌንሲ ሪሲቨር ካላችሁ የመጋቢትን ምሽቶች በ1 ሴኮንድ ልዩነት ቅዱልኝ። እኔም የኔን እልክላችኋለሁ፤ ባያሱን ከነስሌቱ ጭምር።