«ልጁ ጎበዝ ከሆነ ማን ይከለክለዋል?»

እዚህ አሜሪካ ስላለው የልዩ ትምህርት ቤት መግቢያ ሲነሳ፣ አገር ቤት ያለ ወዳጅ ይህን ሳይጠይቅ ስልክ አይዘጋም። በማትሪክ ያደግን ሰዎች ስለሆንን ከፈተና የበለጠ ፍትሕ ያለ አይመስለንም።

በሰሜን ቨርጂኒያ፣ ሐበሻ በበዛበት ፌርፋክስ ካውንቲ፣ እ.ኤ.አ. በ1985 የተከፈተው ቶማስ ጄፈርሰን የሳይንስና ቴክኖሎጂ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የመንግሥት ነው፤ ትምህርቱ በነፃ ነው። መግቢያው ግን ለዓመታት ፈተና ነበር፤ ለማመልከት ብቻ 100 ዶላር ይከፈል ነበር። በ2020 ዕድሉ ለ486 ልጆች ተሰጠ። 73 በመቶው የእስያ ተወላጆች ነበሩ። የጥቁሮቹ ቁጥር ከ10 በታች ስለነበር በሪፖርቱ ላይ አሃዙ አልተጻፈም። የእኛ ልጆች በቅጹ ላይ የሚቆጠሩት እዚያ ውስጥ ነው! ለመጻፍ እንኳ ያልበቃ ቁጥር ያንገበግባል።

ልጆቹ ሰንፈው አይደለም። አቅም ያለው ወላጅ ብዙ ገንዘብ ከፍሎ ለፈተናው ያስጠናል፤ ሁለት ሥራ የሚሠራው ፈተናው መኖሩንም የሚሰማው ካለፈ በኋላ ነው።

በ2020 መጨረሻ ፈተናውም ክፍያውም ቀረ። ከእያንዳንዱ መካከለኛ ትምህርት ቤት የ8ኛ ክፍል ተማሪዎች 1.5 በመቶ የሚሆን ቦታ ተጠበቀ። በሚቀጥለው ዓመት ከ550 ውስጥ ጥቁሮች 7 በመቶ ሆኑ፤ ከ1 በመቶ በታች የነበሩት የዝቅተኛ ገቢ ቤተሰብ ልጆች 25 በመቶ ደረሱ። የተቃወሙ ወላጆች ከሰሱ፣ በ2022 ረቱ፤ በ2023 ይግባኝ ሰሚው ፍርዱን ሻረው፤ በ2024 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ጉዳዩን አላይም አለ።

ልትመጡ ያሰባችሁ፣ ቤት ከመከራየታችሁ በፊት ይህን እወቁ። የትምህርት ቤቱ አድራሻ አሌክሳንድሪያ ይላል፤ በአሌክሳንድሪያ ከተማ አስተዳደር ሥር የሚኖር ልጅ ግን ማመልከት አይችልም። በፖስታ አድራሻ አትታለሉ፣ ግብር የሚከፈለው ለማን እንደሆነ ጠይቁ። ልጁ ቢዘገይ በ8ኛ ክፍል አልጀብራ 1 መማር አለበት፤ አማካይ ውጤቱ ከ3.5 መውረድ የለበትም። ስለዚህ 6ኛ ክፍል ሳለ ሄዳችሁ የሒሳብ ምደባውን ጠይቁ። እኛ መምህር መጠየቅ ድፍረት ይመስለናል፤ አሜሪካኖቹ ደግሞ ሁሉን ድረ ገጽ ላይ ጽፈው ያልጠየቀውን አያስታውሱትም።

የነፃ ምሳ ቅጽም አለ። «ልጄ ምጽዋት አይበላም» ብሎ በይሉኝታ የሚተወው ብዙ ነው። ያ ቅጽ በአመራረጡ ከሚታዩት ሁኔታዎች አንዱን የሚያረጋግጥ ነው፤ እንግሊዝኛ እየተማረ ያለ ልጅ መሆኑም እንዲሁ ይታያል። ሁለቱንም በጊዜ አስመዝግቡ።