ስሜት ሲቀዘቅዝ መጀመሪያ የሚቆመው እግር ነው

ዛሬ ካሜራ ይዛችሁ ወጥታችሁ አንድም ደስ የሚል ፎቶ ላጣችሁ፦

ስሜት ሲወርድ ሰው ባለበት ቆሞ በዙም ብቻ ያነሳል። ፎቶው ሁሉ አንድ ከፍታ፣ አንድ ማዕዘን ይሆናል። መነሳሳት እስኪመጣ አትጠብቁ። ዙም የሌለው 50 ሚሊሜትር ሌንስ ብቻ ያዙ፣ አንድ ነገር ምረጡ፣ ወንበርም ይሁን በር፣ 36 ጊዜ ብቻ አንሱት፤ ተንበርክካችሁ፣ ከጎን፣ ብርሃኑን ከጀርባው አድርጋችሁ፣ ክንድ ያህል ቀርባችሁ። የመጀመሪያዎቹ አሥሩ ብዙ ጊዜ ማንም የሚያነሳቸው ዓይነት ናቸው። ዓይን የሚነቃው ከዚያ በኋላ ነው።

የደስታ ቀንም የራሱ ጣጣ አለው፤ በጥድፊያ የሹተር ፍጥነት፣ ማለትም ካሜራው ብርሃን የሚያስገባበት የጊዜ ርዝመት፣ ይረሳል። በዚህ ሌንስ ከ1/60 ሰከንድ ከዘገየ የእጅ መንቀጥቀጥ ምስሉን ሊያደበዝዘው ይችላል። 1/125 ላይ አድርጉት፤ ብርሃን ካነሰ አይኤስኦውን (ካሜራው ለብርሃን ያለውን ስሜታዊነት) ጨምሩ። በዚህ የሚመጣው ትንሽ ነጠብጣብ ከድብዝዝ ፎቶ በብዙ ይሻላል።

እባካችሁ፣ በከፋችሁ ማታ ፎቶ አትሰርዙ፤ ቀለምም አትንኩ። የከፋው ሰው ደህናውን ምስል ሁሉ ያጨልመዋል። በሮው ፋይል (ካሜራው ያየውን ሳይጨምቅ በሚያስቀምጠው ጥሬ ፋይል) ካነሳችሁ ኋይት ባላንሱን፣ ማለትም ነጭ ነጭ ሆኖ እንዲታይ የሚደረገውን የቀለም ሚዛን፣ ሌላ ቀን ያለ ጉዳት ማስተካከል ትችላላችሁ፤ በተጨመቀው የተለመደ የፎቶ ፋይል፣ በጄፔግ፣ ግን ብዙ አያፈናፍንም። ሁለት ቀን አሳድሩና በቀን ብርሃን፣ የስክሪኑን ብርሃን መካከለኛ አድርጋችሁ እዩት።