ጠርሙሱ ዝንብ ሞልቶ ማንጎው ለምን ተላ?

ሰላም ወዳጆች። ዘንድሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ከራሴ ዛፍ የቀጠፍኩትን ማንጎ ሳልሰነጥቅ ሳልመረምር ገመጥኩት። ትል የለውም! ሁሉም ፍሬ እንዲህ ነው አልልም፤ ከአምናው ጋር ግን አይወዳደርም። የአምናው አንጀቴን አሳርሮት ስለነበር ነው የደረስኩበትን ላካፍላችሁ የተነሳሁት።

ማንጎውን የሚያተላውን የፍራፍሬ ዝንብ በወጥመድ ለመያዝ ነበር ሙከራዬ፤ አጀማመሬን ላሳጥረው። በቢጫ ሙጫ ወረቀት ጀመርኩ፤ ንብና ጠቃሚ ጥንዚዛ እየያዘ ስላስቸገረኝ አወረድኩት። አሁንም ሜዳ ላይ ሲሰቀል አልወድም፣ ወዳጅና ጠላት አይለይም። ቀጥዬ ኮምጣጤ ሞከርኩ። በማግስቱ በትናንሽ ዝንቦች ስለሞላ ደስ አለኝ፤ እነዚያ ግን የበሰበሰ ፍሬ ላይ የሚያንዣብቡት ናቸው እንጂ ጤነኛውን ወግተው እንቁላል የሚጥሉት አይደሉም። ኮምጣጤ ይሠራል የሚላችሁ ሰው መጀመሪያ የያዘውን ዝንብ ያሳያችሁ።

ከዚያ ሜቲል ዩጂኖል የሚባል፣ በሽታው ዝንብ የሚስብ ኬሚካል አገኘሁ። ጥጥ ነክሬ ጠርሙስ ውስጥ በሽቦ አንጠለጠልኩት። ሳምንት ሳይሞላ ጠርሙሱ እስከ ወገቡ ዝንብ ሆነ፤ ለማውቀው ሰው ሁሉ ፎቶ ላክሁ። ማንጎው ሲበስል ግን ሁለት ካነሳሁ አንዱ የተላ ነው። ጠርሙሱ ሙሉ፣ ፍሬውም ትል። ይሄ ነገር እንቅልፍ ነሳኝ።

አንድ ቀን የጠርሙሱን ዝንብ ነጭ ሳህን ላይ ዘረገፍኩት። የሴቷ ጭራ ሹል ነው፣ እንደ መርፌ፤ ልጣጩን የምትወጋው በሱ ነው። የወንዱ ድፍን ያለ ነው። በእንጨት እያገላበጥኩ ሹል ጭራ ፈለግኩ። አንድም የለም! ለካስ ሜቲል ዩጂኖል የሚጠራው የምሥራቁን የፍራፍሬ ዝንብና የቅርብ ዘመዶቹን ወንዶች ነው። ይልሱትና ሴቷን የሚስቡበትን ሽታ ይሠሩበታል። የተረፉት ጥቂት ወንዶች ደግሞ ለብዙ ሴት ይበቃሉ። ዘዴው አይሠራም ማለት አይደለም፤ በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ሮታ በምትባል የፓስፊክ ደሴት ሜቲል ዩጂኖልና መርዝ የጠጣ ሰሌዳ ከአውሮፕላን እየተጣለ ዝንቡ ከነዘሩ ጠፍቷል። ግን ያ ሙሉ ደሴት ነው፣ ዙሪያው ባሕር። የኔ ጥቂት ዛፎች ናቸው። ወንዱን ሁሉ ይዤ ብጨርስ እንኳ ሌላ ቦታ ከወንድ የተገናኘች ሴት በርራ ትመጣለች።

ስለዚህ ሴቷን መያዝ አለብኝ። ሴቷ እንቁላሏ እንዲጎለምስ ፕሮቲን ትፈልጋለች፤ የሚስባት የእርሾ ሽታ ነው። ቶሩላ የሚባል የእርሾ ዓይነትና ቦራክስ (ነጭ የማዕድን ጨው) ያለበትን እንክብል ውሃ ውስጥ ማሟሟት ነው፤ ቦራክሱ የተያዘው ዝንብ ቶሎ እንዳይበሰብስ ያደርጋል። የጠርሙሱን ጎን በስቼ ፈሳሹን ሞላሁበት። ሦስት ሳምንት ሙሉ የያዝኩት በጣት የሚቆጠር ነው።

ወጥመዱ ሥር ቁጭ ብዬ ማየት ጀመርኩ። አንዲት ሴት መጣች። የቀዳዳውን ጠርዝ ዞረች፣ ገባች፣ በግድግዳው ወረድ ብላ ከፈሳሹ ዳር ጠጣች፣ የፊት እግሮቿን አሻሽታ በገባችበት ወጣች። ቀጣይዋም እንዲሁ። ለካስ ስቀልባቸው ነው የከረምኩት! ፈሳሹ ቀዳዳው አፍ ድረስ ስለሞላ በቅርብ ጠጥተው ይሄዳሉ።

መፍትሔውን ማክፌይል ከሚባለው የዝንብ ወጥመድ ወሰድኩ። መግቢያው ከታች ነው፣ ጣሪያው ብርሃን ያስገባል። ዝንብ ጠጥቶ ሲነሳ ወደ ብርሃን ይወጣል፣ ወደ ታች መመለስ አይሆንለትም፣ ጣሪያውን ሲገጭ ውሎ ሲደክመው ፈሳሹ ውስጥ ይወድቃል። ቢጫ የፕላስቲክ ዕቃ ወለሉን ቀደድኩና የጠርሙስ አንገት ወደ ላይ አቁሜ ተከልኩበት፤ ፈሳሹ ዙሪያውን ይተኛል፣ ዝንቡ በአንገቱ ይገባል። ላዩን ብርሃን በሚያስተላልፍ ጠርሙስ ከደንኩት። መጋጠሚያው ሁለት ጊዜ አፈሰሰብኝ፤ ተራ ማጣበቂያ ፀሐይ ላይ አይቆይም። በሲሊኮን ስደፍነው ያዘ፤ ሽታው እስኪለቀው ግን ጥቂት ቀን አናፍሱት። ሁለት ጠብታ ፈሳሽ ሳሙና ጨምሩ፤ ያለሱ ዝንቡ ውሃው ላይ ቆሞ ይነሳል። የምትሰቅሉበትን ሽቦ ግሪስ ቀቡት፣ አለበለዚያ ጉንዳን የያዛችሁትን ይበላባችኋል። ጥላ ውስጥ፣ ቅጠል ሳይነካው፣ ፍሬው ከመብሰሉ ሳምንታት ቀድሞ ይሰቀል። ፈሳሹን በየሳምንቱ ለውጡት። እኔ ሁለቴ ዘልዬ መያዙ ወዲያው ቀንሷል።

በመጀመሪያው ሳምንት ሳህኑ ላይ ስገለብጠው ሹል ጭራዎቹን አየኋቸው። ቁጥራቸው ከወንዶቹ ጠርሙስ በጣም ያንሳል፤ እኔ ግን አንዷን ሴት በመቶ ወንድ አልለውጣትም።

አንድ ያልነገርኳችሁ ነገር አለ። አምና ዛፉ ሥር የወደቀውን ፍሬ አላነሳም ነበር። ትሉ ከፍሬው ወጥቶ አፈር ውስጥ ሙሽሬ (በትልነትና በዝንብነት መካከል ያለው ደረጃ) ይሆናል፣ ከዚያ ዝንብ ሆኖ ይወጣል፤ እኔ ከላይ እያጠመድኩ ከታች እያረባሁ ነበር ማለት ነው። ዘንድሮ በየቀኑ እየለቀምኩ ጥቁር ላስቲክ ውስጥ አስሬ ፀሐይ ላይ አስቀምጣለሁ። የዘንድሮው ለውጥ ስንት እጁ የወጥመዱ፣ ስንት እጁ የለቀማው እንደሆነ መለየት አልችልም፣ ሁለቱን አንድ ላይ ስለጀመርኩ። ለሚቀጥለው ወቅት ግማሹን ዛፍ ያለ ወጥመድ ልተወውና ለቀማውን ብቻ ልሞክር እያሰብኩ ነው። ከእናንተ ይህን ለይቶ የሞከረ ካለ ውጤቱን ይጻፍልኝ።