ከማሳው በፊት ስም መጥሪያውን አሳዩኝ

ዕድሜዬን የፈጀሁት በአደጋ መከላከል ሥራ ነው። አዳዲስ ባለሙያዎች ሲያገኙኝ "ድርቅ መምጣቱን መጀመሪያ በምን ታውቂያለሽ?" ይሉኛል። የሳተላይት ምስል፣ የዝናብ መጠን፣ የገበያ ዋጋ እንድላቸው ይጠብቃሉ። ሁሉም ያስፈልጋሉ። እኔ ግን አንድ ወረዳ ስገባ ቶሎ ማየት የምፈልገው የትምህርት ቤት ስም መጥሪያ ነው።

2008 ዓ.ም. ኅዳር ላይ ለመኸር ግምገማ ወደ ሰሜን ወሎ ቆላ ወርደን ነበር። በልጉ ከሽፏል፣ ክረምቱን ደግሞ ኤልኒኞ መቶታል። የወረዳውን ስም ልተወው። ቢሮ ተቀምጠን ሪፖርት ሰማን፣ "ምርቱ መካከለኛ ነው" ተባልን። ከመኪና መስኮት ለሚያይ ሰው እውነት ይመስላል፤ ማሽላው ግራና ቀኝ ቆሟል። የቡድናችን መሪ መንገድ ዳር ያለ ማሳ አይተን እንለፍ አለ፣ የሚቀረን ብዙ ወረዳ ነበርና። በቅጻችን ላይ ትምህርትን የሚመለከተው ገጽ መጨረሻ ላይ ነው ያለው፣ ሰዓት ሲያጥር የሚዘለለውም እሱ ነው። ትምህርት ቤት ሳናይ አንሄድም አልኩ።

ርዕሰ መምህሩ ስም መጥሪያዎቹን አውጥቶ ጠረጴዛ ላይ ዘረጋልን። የሰባተኛና የስምንተኛ ክፍሉ በ"ቀ" ተሞልቷል። "ወንዶቹ ሁመራ ሰሊጥ አጨዳ ናቸው እህቴ፣ በጅቡቲ በኩል ዓረብ አገር ልግባ ብሎ የወጣም አለ" አለኝ። መሪያችን "ይሄ እኮ የየዓመቱ ነው" አለ። አልተሳሳተም፣ በደህናውም ዓመት ይሄዳሉ። ስለዚህ ያለፈውን ዓመት መዝገብ አስመጣሁና ጎን ለጎን አየናቸው። ያኔ ትልልቆቹ ኅዳር ሳይጋመስ ተመልሰዋል፣ ትንንሾቹ ደግሞ ከናካቴው አልቀሩም። ዘንድሮ ግን አንደኛና ሁለተኛ ክፍል ሳይቀር ባዶ ቦታው በዝቷል። የሰባት ዓመት ልጅ ለቀን ሥራ ሁመራ አይሄድም። የሚቀረው ቁርስ ሳይበላ ያን ሁሉ መንገድ መሄድ ስለማይችል ነው፣ ወይም እናቱ ሩቅ ውኃ ልትቀዳ ስትሄድ ቤት የሚጠብቅ ሲጠፋ ነው።

ከዚያ በእግር ወደ ውስጥ ገባን። የማሽላውን ራስ ስንፈትሸው ፍሬ አልያዘም። ዝናቡ ቶሎ ስለቆመ አገዳ ብቻ ነው የቀረው። ባለማሳው አባት ለከብቶቹ እያጨዱት ነበር። "ልጄ፣ ይሄ ለሰው አይሆንም፣ እነሱን ካተረፈልኝ ይበቃኛል" አሉኝ። አንድ በሬያቸውን ሸጠው ነበር። ገበያው ላይ የከብት ዋጋ ወርዶ የእህል ዋጋ ሲወጣ ገበሬው በሁለቱም በኩል ይከስራል፣ እሳቸውም ያገኙት ብር ለስንት ቀን እህል እንደሆነ በጣታቸው ቆጥረው አሳዩኝ።

ስም መጥሪያን ማንበብ የተማርኩት ከየትኛውም ስልጠና አይደለም። ልጅ ሆኜ ቆቦ ስማር ነው። በ1976 ዓ.ም. የክፍላችን አለቃ ነበርኩ፣ መምህራችን ስም ሲጠራ "ቀ" የማደርገው እኔ ነኝ። መጀመሪያ ከገጠር በእግር የሚመጡት ቀሩ፣ እነዚያ ቆሎ በኪሳቸው ይዘው የሚመጡትና ለእኛ ለከተማዎቹ የሚያካፍሉት። ቆሎው ከእነሱ ቀደም ብሎ ነው የጠፋው። ቀጥሎ ወንዶቹ ከአባቶቻቸው ጋር ሥራ ፍለጋ ወጡ፣ ከዚያ ሴቶቹ ወልዲያና ደሴ ሰው ቤት ተቀጠሩ። ግንቦት ሲደርስ መምህራችን አንዳንዱን ስም ዘሎ ይጠራ ነበር፣ ለምን ብሎ የጠየቀው ተማሪ አልነበረም።

የኮረም ሕዝብ በቢቢሲ ታይቶ ዓለም የደነገጠው ጥቅምት 1977 ዓ.ም. ነው። የእርዳታ ማስተባበሪያ ኮሚሽን በመጋቢት 1976 ለለጋሾች አቤት ብሎ ነበር፣ በቂ ምላሽ ግን አላገኘም። ኮረም ከእኛ ከተማ ሩቅ አይደለም፤ በአላማጣ አልፎ ግራ ካሱን መውጣት ነው። ካሜራው ከመድረሱ ከወራት በፊት የእኛ ክፍል ተራቁቶ ነበር። እያንዳንዱ ቀሪ ልጅ ከነስሙና ከነቀኑ በመምህሩ እጅ ተጽፎ ነበር፣ መዝገቡን አምጡ ያለ ግን የለም። ይሄ ዛሬም ያናድደኛል።

ወደ 2008 ስመለስ፣ የዚያን ዕለት ማታ በቡድናችን ውስጥ ብዙ ተከራከርን። መሪያችን ሁለቱን ዓመት ያነጻጸርንበትን ወረቀት ደጋግሞ ካየው በኋላ ሐሳቡን ቀየረ፣ ለዚህም አከብረዋለሁ። "መካከለኛ" የሚለው ተሰርዞ ቀበሌዎቹ በተረጂነት ገቡ። በታኅሣሥ ወር ይፋ የሆነው የአገሪቱ ተረጂ ቁጥር 10.2 ሚሊዮን ነበር። ለአንድ ሰው በወር 15 ኪሎ እህል፣ ከጥራጥሬና ዘይት ጋር። በኋላ የትምህርት ቤት ምገባም ተጀመረ፣ ርዕሰ መምህሩም ደውሎ ትንንሾቹ መመለሳቸውን ነገረኝ። ጅቡቲን የተሻገሩትን ጠየቅኩት። የሁለቱ ቤተሰብ ድምፃቸውን ሰምቷል፣ የሌሎቹ ግን እስካሁን ወሬ የለም አለኝ።