አባትየው ደረት ላይ ያደረችው ልጅ

እናቲቱ ከገጠር በአምቡላንስ የመጣች ናት። የእርግዝና ደም ግፊት እስከ መንቀጥቀጥ አድርሷት ነበር። በኦፕራሲዮን ተገላግላ ራሷን ሳታውቅ ወደ ጽኑ ሕሙማን ክፍል ገባች፤ ልጅቷን ደግሞ ወደ እኛ፣ ወደ ጨቅላ ሕፃናት ክፍል አመጧት። በ32ኛ ሳምንቷ የተወለደች፣ 1,400 ግራም። ስትተነፍስ ጎኗ ወደ ውስጥ ስለሚጎተት በአፍንጫዋ ኦክስጅን ሰጠናት። ማሞቂያዎቹ በሙሉ ተይዘው ስለነበር በአንዱ ላይ ከተጋደሙት ሕፃናት ጎን አስተኛናት። ብብቷ ሥር ያስገባነው ቴርሞሜትር 35.4 አሳየ። ቆይተን ስንለካም ያው ነው።

የጨቅላ ሙቀት ከ36.5 በታች መውረድ የለበትም። ያለጊዜው የተወለደ ልጅ እንደ እኛ ተንቀጥቅጦ አይሞቅም። ሙቀት የሚያመነጨው ቡናማ ስብ የሚጠራቀመው በመጨረሻዎቹ የእርግዝና ሳምንታት ነው፤ እነዚያን ሳምንታት ደግሞ አላገኛቸውም። ቆዳውም ስስ ነው። ሲበርደው ያለችውን ጥቂት ስኳርና ኦክስጅን ለመሞቅ ያቃጥላታል፤ ስኳሩ ይወርዳል፣ ትንፋሹ ይቆራረጣል። ብርድ በሞት መዝገብ ላይ እምብዛም አይጻፍም፤ እኔ ግን ከብዙ ሞት ጀርባ አይቼዋለሁ።

የሌሊቱ ተረኛ የሕፃናት ሐኪም አንድ ጊዜ አይታት «ካንጋሮ ትግባ» አለች፤ በሰው ደረት ላይ ቆዳ ለቆዳ ተጣብቃ ትሙቅ ማለቷ ነው።

«ኦክስጅን ላይ ናት እኮ፣ ዶክተር» አላት የሥራ ባልደረባዬ። ሥልጠና ስንወስድ ካንጋሮ የሚጀመረው ሕፃኑ ከተረጋጋ በኋላ ነው ተብለን ነበር። ሐኪሟ እዚያው ቆማ አስረዳችን። በጋና፣ በሕንድ፣ በማላዊ፣ በናይጄሪያና በታንዛኒያ ሆስፒታሎች ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2021 በታተመ ጥናት፣ ክብደታቸው ከ1 ኪሎ እስከ 1.8 ኪሎ ከሚሆን ሕፃናት መካከል እስኪረጋጉ ድረስ ከእናት ተለይተው ከቆዩት በ28 ቀን ውስጥ 15.7 በመቶው ሞተዋል፤ እንደተወለዱ ወዲያው ደረት ላይ ከተደረጉት ግን 12 በመቶው። ልዩነቱ ጎልቶ ስለታየ ጥናቱ ካሰቡት ጊዜ በፊት እንዲቆም ተደረገ። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2022 ምክሩን ለወጠ፦ በራሱ መተንፈስ ያቃተው ወይም ሾክ ውስጥ ያለ (የደም ዝውውሩ ክፉኛ የተዳከመ) ካልሆነ በስተቀር ወዲያው ይጀመር አለ።

«እሺ፣ ግን ማን ደረት ላይ?» አልኩ። «እናቷ አልነቃችም።»

«አባት የላትም እንዴ?»

አባትየው ኮሪደር ላይ ቁጭ ብሎ ነበር። በዚያን ጊዜ አባቶች በመስታወት አሻግረው ከማየት በቀር ወደ ውስጥ አይገቡም ነበር። ስጠራው የሞተችበት መስሎት ፊቱ ተለወጠ። ጉዳዩን ስነግረው እጁን ገልብጦ አሳየኝ፤ ድንጋይ ሲጠርብ የኖረ፣ የተሰነጣጠቀ መዳፍ ነው።

«ሲስተር፣ በዚህ እጅ እጎዳታለሁ።»

«በደረትህ ነው የምትይዛት፣ ወንድሜ።»

አማቱ ደነገጡ። «ወንድ ልጅ አራስ ሲታቀፍ የት አይቼ!»

«እማማ፣ እርስዎም ተራ ይደርስዎታል» አለቻቸው ሐኪሟ። እማማ ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና ነጠላቸውን አውልቀው ሰጡኝ። አባትየው ታጥቦ ሸሚዙን አወለቀ። ልጅቷን በዳይፐርና በኮፍያ ብቻ፣ እግሯን እንደ እንቁራሪት አጥፈን፣ አፍንጫዋ እንዳይታፈን አንገቷን ወደ ጎን አዙረን ደረቱ ላይ አስቀመጥናትና በነጠላው ጠበቅ አድርገን አሰርናት። የኦክስጅኑን ቱቦ ትከሻው ላይ በፕላስተር አጣበቅነው።

ከአንድ ሰዓት በኋላ 36.1። ሊነጋጋ ሲል 36.7።

በመሐል ግን «ሲስተር! ትንፋሿ ቆመ!» ብሎ ጮኸ። ሮጬ ደርሼ ጀርባዋን አሸት አሸት ሳደርጋት ተነፈሰች። ያለጊዜው በተወለዱ ልጆች ይህ የታወቀ ነገር ነው፤ አንጎላቸው ትንፋሽን የማዘዝ ሥራውን ገና በደንብ አልለመደም። እኔ ሌላ አልጋ ላይ መርፌ እየሰጠሁ ስለነበር እሱ ባይነግረኝ ምን ያህል እንደምዘገይ ማሰብ አልፈልግም። እሱ ግን በገዛ ደረቱ ነበር ያወቀው።

ካንጋሮ እ.ኤ.አ. በ1978 በኮሎምቢያዋ ቦጎታ የተጀመረው ማሞቂያ ስላነሰ ነው፤ የጀመረውም ዶክተር ኤድጋር ሬይ ነው። ስለዚህ ብዙ ባለሙያ የድሃ ማሞቂያ አድርጎ ያየዋል። በዚህ አልስማማም። ማሞቂያ ሙቀት ይሰጣል እንጂ ልጅ አያውቅም። ያ አባት ቀናት ሲያልፉ ልጅቷ ከማልቀሷ በፊት ረሃቧን ይለይ ጀመር። «ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ነው፣ ወተቷ ደርሷል» ይለኛል፤ ሰዓቴን ሳይ እውነቱን ነው። ኮሌጅ ሳለን ለፈተና ያጠናናት የሥነ ልቦና ባለሙያዋ ሜሪ ኤንስዎርዝ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ በዩጋንዳ መንደሮች እናቶችንና ሕፃናትን ቤታቸው ሄዳ ስታይ ያስተዋለችው ይህንኑ ነው፦ ስለ ልጃቸው ጠባይ ዘርዝረው መናገር የሚችሉት እናቶች ልጆች ናቸው በእናታቸው ተማምነው የሚያድጉት። በመስታወት የሚያይ ወላጅ ምን ብሎ ይዘረዝራል?

እናቲቱ ነቅታ በተሽከርካሪ ወንበር ስትመጣ ክፍሉ በሙሉ «እንኳን ማርያም ማረችሽ!» አላት። ልጇን ግን ለመንካት ፈራች። ቱቦው አስፈርቷት ነው። ያስተማራት አባትየው ነው፤ «በግራ በኩል ስታስተኛት ቶሎ ትረጋጋለች፣ ኮፍያዋን አታውልቂው፣ ጀርባዋን እንዲህ ደገፍ አድርጊያት» እያለ። እናቲቱ ቀን ቀን፣ እማማ እሷ ስትደክም፣ አባትየው ሌሊት ሌሊት እየተቀባበሉ አቀፏት። ክብደቷ 1,900 ሲደርስ ጡት በደንብ እየጠባች ወጣች።

አሁን አባቶች በማንኛውም ሰዓት የሚገቡበት ካርድ አለን፤ ጥበቃዎቹም ለምደውታል። ያልተፈታው የወንበር ጉዳይ ነው። ቀጥ ባለ የፕላስቲክ ወንበር ላይ ሌሊቱን ሙሉ ልጅ ታቅፎ ማደር ወገብ ይሰብራል፤ ብዙዎቹ ካንጋሮውን የሚያቋርጡት ልጁ ከብዷቸው ሳይሆን ወገባቸው አልችል ብሏቸው ነው። በየማሞቂያው አጠገብ አንድ ወደ ኋላ የሚዘነበል ወንበር እንዲገዛ ለአስተዳደሩ ጽፈናል። እስኪገዛም ድረስ እንጽፋለን።