ማን ያነበዋል?

ስደተኛ ልጅ ስለሚያሳድጉ ባልና ሚስት የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ውስጥ የተቀረጸውን ያንን ድራማ ያየው ጥቂት ሰው ነው። በሥራው የነበሩት ሲገናኙ የሚያነሱት ለቀረጻው የተሠራውን የጉዲፈቻ ወረቀት ክርክር ነው።

በስክሪፕቱ ሚስትየው ወረዳ ትገባለች፣ ትፈርማለች፣ ማኅተም ይመታል፣ ልጁን ይዛ ትወጣለች። ወረቀቱን እንዲያዘጋጁ የተጠሩት ግን ዕድሜያቸውን ፍርድ ቤት መዝገብ ቤት የፈጁ ሰው ነበሩ።

«ወረዳ ጉዲፈቻ አያጸድቅም።»

«ጋሼ፣ ፊልም እኮ ነው! ማን ያነበዋል?» አለች ዳይሬክተሯ።

«ቅርብ አድርጌ ላሳየው ያልሽው አንቺ። ባልየው የታለ?»

«ፊልድ ወጥቷል።»

«ይመለሳ! ሳይፈርም አይሆንም።»

እውነታቸውን ነው። በተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ (አዋጅ ቁጥር 213/1992) ባለትዳሮች ጉዲፈቻ የሚያደርጉት በጋራ ነው፣ ቢያንስ አንዳቸው 25 ዓመት ሊሞላቸው ይገባል፤ ስምምነቱም ፍርድ ቤት ካላጸደቀው ዋጋ የለውም። የባሰው ደግሞ የልጁ ነገር ነው። እናቱ የጠፋችው ድንበር ላይ ነው፤ ከገባ ገና ሦስት ወሩ። ለእንዲህ ያለ ልጅ ቤተሰብ ፍለጋው ይቀድማል፣ በቀይ መስቀል በኩልም ይጠየቃል። የተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ከፍተኛ ኮሚሽን የ1994 እ.ኤ.አ. መመሪያም ጉዲፈቻ ከመታሰቡ በፊት እንደ ደንቡ ቢያንስ ሁለት ዓመት ይጠበቅ ይላል። የጠፋች እናት ነገ ልትገኝ ትችላለች።

ዳይሬክተሯ አኩርፋ ወጣች። ማታ ግን ታሪኩን ዘለለችው፤ «ከሁለት ዓመት በኋላ» የሚል ጽሑፍ ገባ፣ ትዕይንቱ ወደ ችሎት ዞረ፣ ዳኛው ልጁን «አንተስ ምን ትላለህ?» ብሎ ይጠይቀዋል። የድራማው ምርጥ ቦታ ይኸው ነው።

ወረቀቱን ሽማግሌው ሠሩት። የእውነተኛ ፍርድ ቤት ማኅተም መኮረጅ ወንጀል ስለሆነ በሌለ ስም አስቀረጹ። ነጭ ወረቀት መብራት ላይ ስለሚያንጸባርቅ ቀጭን ሻይ ውስጥ ነክረው፣ አድርቀው፣ ካውያ አሳረፉበት፤ ከዚያ ታተመ። በላዩ የመዝገብ ቁጥር፣ ዳኛ፣ አመልካቾች፤ በስተመጨረሻ «መዝገቡ ተዘግቷል፤ ወደ መዝገብ ቤት ይመለስ»። ማኅተሙ የፊርማውን ጫፍ ነካ፣ ቲተሩ ከሥር። ተዋናይቷ በየቀረጻው ስለምታጥፈው ስድስት ቅጂ ተዘጋጀ፤ የታጠፈ ወረቀት ድጋሚ ቢቀረጽ መስመሩ ያስታውቃል።

ኤዲቲንግ ላይ ወረቀቱ ሁለት ሰከንድ ቀረ። ፎከሱ ልጁ ፊት ላይ ነው፣ ማኅተሙን የተዋናይቷ አውራ ጣት ሸፍኖታል።

ዳይሬክተሯ አሁን በየቃለ መጠይቁ «የሕግ ጥናቱ ብቻ ወራት ወስዶብኛል» ትላለች። ሽማግሌው በዚህ ቅር አይላቸውም፤ የሚጠይቁት የማኅተም ማስቀረጫውን ሂሳብ ነው፣ እስካሁን አልተከፈላቸውም።