ልጄ ላይ የተለጠፈው ስም አንድ ዓመት በላብን

ልጄ ሦስተኛ ክፍል እያለች የማባዛት ሰንጠረዥ አልያዝ አላት። ማታ ስድስት በሰባትን በደንብ ትነግረኛለች። ጠዋት ስጠይቃት ጣቶቿን መቁጠር ትጀምራለች። ግራ ሲገባኝ ትምህርት ቤቷ ሄጄ አማከርኩ። ከዚያ በኋላ የሆነውን ነው የምጽፈው። ያኔ አንድ ሰው ቁጭ አድርጎ ቢያስጠነቅቀኝ ኖሮ ዓመቱ አይባክንብንም ነበር።

ቀላል ቀላሉን ላስቀድም። ዓይኗንና ጆሮዋን አስመረመርኩ፤ ደህና ናቸው። በጥናት ሰዓት ስልክና ቴሌቪዥን ጠፉ። የመኝታ ሰዓቷ ተስተካከለ። አንጎል ቀን የተማረውን የሚያደላድለው በእንቅልፍ ጊዜ ስለሆነ በዚህኛው ላይ ድርድር የለም። ሁሉም በሁለት ሳምንት አለቀ።

መዘዙ የመጣው ከመጠይቁ ነው።

የትምህርት ቤቱ አማካሪ ለልጄ አንድ ወረቀት ሰጠቻት። “ታሪክ ሲነገርሽ ነው ወይስ ሥዕል ስታዪ ደስ የሚልሽ?” ዓይነት ጥያቄዎች ናቸው። ልጄ ሥዕል ነፍሷ ነው። ሥዕል የሚል ምርጫ ባየች ቁጥር አከበበችው። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ውጤቱ ተነገረኝ። “ልጅዎ በእይታ የምትማር ናት። አንዳንዱ ልጅ በዓይኑ ይማራል፣ አንዳንዱ በጆሮው፣ አንዳንዱ በእንቅስቃሴ። የአንጎል ሳይንስ ያረጋገጠው ነው። ሰንጠረዡን በቀለም ይሥሩላት። በቃል አይጠይቋት፣ ትጨናነቃለች።” ከጀርባዋ ግድግዳው ላይ በቀለም የደመቀ የአንጎል ሥዕል ተሰቅሏል። “የአንጎል ሳይንስ” የሚለው ቃል አፌን አስያዘኝ። አንዲት ጥያቄ ሳልጠይቅ አመስግኜ ወጣሁ። ልብስ ስገዛ እንኳ አገላብጬ የማይ ሰው ነኝ። ይሄ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤታችን ማርከርና ባለቀለም ወረቀት ብቻ ሆነ። ሰባትን በሐምራዊ፣ ስምንትን በብርቱካናማ። ለስድስት በሰባት ስድስት ቅርንጫፍ ያለው ዛፍ ሣልኩ፣ በየቅርንጫፉ ሰባት ሰባት ወፍ። አርባ ሁለቱንም ከነምንቃራቸው። እኩለ ሌሊት አለፈ። ልጄ ጠዋት ስታያቸው በደስታ ዘለለች።

ከሳምንት በኋላ “ስድስት በሰባት ስንት ነው?” አልኳት።

“ወፎቹ!” አለችኝ።

ወፎቹን አንድም ሳትረሳ ታስታውሳለች። የትኛው ቅርንጫፍ ላይ ያለችው ወፍ ወደ ኋላ እንደዞረች ሁሉ ነገረችኝ። ቁጥሩ ግን የለም። አሁን ሳስበው ግልጽ ነው። አእምሮ የሚይዘው ያሰበበትን ነው፤ እሷ ያሰበችው ስለ ወፍ ነው። ያኔ ግን ቀለሙ ያነሰ መስሎኝ ጨመርኩበት። እንዲህ እያልን ወራት ሄዱ።

ከዚያም የክፍል መምህሯ አስጠራችኝ። “ሳስረዳ አትሰማኝም፤ መስኮት መስኮቱን ነው የምታየው” አለችኝ። ማታ ልጄን ጠየቅኳት።

“እማ፣ እኔ እኮ በጆሮ አልማርም። በዓይን ነው የምማረው።”

የስምንት ዓመት ልጅ ናት። አማካሪዋና እናቷ የነገሯትን አምና ጆሮዋን ዘግታለች። ያን ሌሊት እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም።

በነጋታው ማንበብ ጀመርኩ። ገና ስጀምር ያገኘሁት ነገር አናደደኝ። እ.ኤ.አ. በ2008 ሃሮልድ ፓሽለር፣ ማርክ ማክዳንኤል፣ ዳግ ሮረርና ሮበርት ብዮርክ የሚባሉ አራት የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች ይህንኑ “የመማር ስልት” የሚባል ነገር መርምረው ነበር። ማረጋገጫ የሚሆነው አንድ ነገር ነው አሉ። “የእይታ” የተባሉት በእይታ ሲማሩ፣ “የጆሮ” የተባሉት ደግሞ በጆሮ ሲማሩ በአንድ ዓይነት ፈተና የተሻለ ማምጣት አለባቸው። በዚህ መንገድ የተሠራ ጥናት ፈለጉ። ያገኙት ጥቂት ነው፤ ከእሱም ውስጥ ሐሳቡን የሚቃረን አለበት። ትምህርት ቤት ሊመራበት የሚችል ማስረጃ የለም ብለው ደመደሙ። ሰው ምርጫ የለውም አላሉም። ልጄ ሥዕል መውደዷ እውነት ነው። ግን መውደድ ሌላ፣ በእሱ የተሻለ መማር ሌላ ነው።

አማካሪዋ ብቻዋን እንዳልሆነች ገባኝ። እ.ኤ.አ. በ2012 በወጣ ጥናት ብሪታንያና ኔዘርላንድስ ውስጥ 242 መምህራን ተጠይቀው ነበር። ከዘጠና በመቶ በላይ የሚሆኑት ይህንኑ ነገር ያምኑ ነበር። ግን ልጅ ላይ ስም የሚለጥፍ ሰው ከሌላው የበለጠ ማጣራት አለበት። ወረቀቶቹን ይዤ ተመልሼ ሄድኩ። “ስልጠና ወስደናል። መመሪያውም እንዲህ ነው የሚለው” ተባልኩ። በመጨረሻ “ባይጠቅም እንኳ አይጎዳም” አለችኝ። ይቺ ቃል አሁንም ያንገበግበኛል። መስኮት መስኮቱን እያየች ያለፋትን ትምህርት ማን ይመልስላታል?

ሥዕል አይጠቅም እያልኩ አይደለም። ካርታ ለማንም ልጅ በዓይን ነው። የቃል አነጋገር ለማንም ልጅ በጆሮ ነው። የሚወስነው ትምህርቱ ነው፣ የልጁ “ዓይነት” አይደለም።

የጠቀመን ደግሞ አታድርጊ የተባልኩት ነገር ሆኖ ተገኘ፤ መጠየቅ። እ.ኤ.አ. በ2006 ሄንሪ ሮዲገርና ጄፍሪ ካርፒክ የሚባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች ተማሪዎችን አጭር ጽሑፍ አስጠኑ። አንዱ ቡድን አራት ጊዜ አነበበ። ሌላው አንድ ጊዜ አንብቦ ሦስት ጊዜ ጽሑፉን ሳያይ የሚያስታውሰውን ጻፈ። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ደጋግመው ያነበቡት በለጡ። ከሳምንት በኋላ ግን ያነበቡት 40 በመቶ ሲያስታውሱ፣ ራሳቸውን የፈተኑት 61 በመቶ አስታወሱ። ይህን ሳነብ የእኛ ማታና ጠዋት ታወሰኝ። ማታ የያዘች የሚመስለን ገና አሁን ስላየችው ነው።

ሥዕሎቹን አነሳን። ወፎቹን ለመንችኝ፣ እነሱ ቀሩ። ትናንሽ ካርዶች ቆረጥኩ። ከፊት ጥያቄ፣ ከጀርባ መልስ። በቀን አምስት ካርድ፣ ከዚያ በላይ የለም። ሰው በአንድ ጊዜ በሐሳቡ መያዝ የሚችለው ጥቂት ነገር ነው፤ የልጅ ደግሞ ከዚያም ያንሳል። ከተሳሳተች ወዲያው መልሱን እነግራታለሁ፣ ጥቂት ደቂቃ ቆይቼ እንደገና እጠይቃለሁ። ያወቀችው ካርድ ለነገ ይቀመጣል፣ ቀጥሎ ለሦስት ቀን፣ ቀጥሎ ለሳምንት። ሰባትን በተርታ አልጠይቅም፤ ከስምንቱና ከአራቱ ጋር እደባልቀዋለሁ። በተርታ ከሄደ ሰባት እየደመረች ትደርስበታለች፣ ያ ማስታወስ አይደለም።

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ከበፊቱ የባሰ መሰለ። አንድ ማታ ካርዱን ወርውራ አለቀሰች። “አይጠይቋት” የሚለው ጆሮዬ ላይ ጮኸ፤ ላቆም ምንም አልቀረኝም ነበር። ያላቆምኩት ለማስታወስ መታገሉ ራሱ ትምህርቱ እንደሆነ ስላነበብኩ ነው። ሰዓት መያዝና ነጥብ መስጠት ግን ተውኩ። ልጅን የሚያስጨንቀው ጥያቄው ሳይሆን ቅጣቱና ሩጫው ነው፤ በዚህ ማንም አያሳምነኝም። ከትምህርት ቤት “ከፈተና በፊት ባለው ምሽት ደጋግመው ያስነብቡ” የሚል ወረቀት ሲመጣ እኔ ደብተሩን እዘጋዋለሁ።

ሦስተኛው ወር ላይ ይመስለኛል፣ በር ላይ ቆሜ እየጠበቅኳት ነው። ጎንበስ ብላ የጫማዋን ክር ታስራለች። “ስድስት በሰባት?” አልኳት። ቀና እንኳ ሳትል “አርባ ሁለት” አለችና ሁለተኛውን ጫማ ማሰር ጀመረች። ጣቶቿ ክሩ ላይ ነበሩ። የዚያን ቀን ደስታዬን በቃል አልችለውም።

ስሙ ግን እንደ ካርዱ ቶሎ አለቀቀም። አራተኛ ክፍል ገብታም አንዳንዴ “እኔ በዓይን ነው እኮ” ትላለች። “የነገርንሽ ስህተት ነበር። እኔም ተሳስቼ ነበር” እላታለሁ፤ ስንት ጊዜ እንዳልኳት አላውቅም። ዘንድሮ ያው መጠይቅ ለታናሽ ወንድሟ መጣ። ሳይሞላ መለስኩት። ከጀርባው “ለልጄ ምንም ስም እንዳይለጠፍበት” ብዬ ጽፌ ፈረምኩበት። እስካሁን የጠራኝ የለም።